ገና በሰንጠረዥ

ዓመት በዓል በኤክሴል ይታቀዳል ብሎ የሚያምን ሰው ከእኛ ቤተሰብ ወጥቷል። የታላቅ ወንድሜ ልጅ ነው። ካናዳ ከገባ ቆይቷል፤ ትዳሩም ልጁም ቤቱም እዚያው ነው፣ እንጀራውን የሚበላው በሒሳብ ሥራ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ደወለና ለገና ቤተሰቡን ይዞ ወደ እኛ፣ ጋይንት አርብ ገበያ፣ እንደሚመጣ አበሠረን። የባለቤቴ እልልታ ሳያበቃ፣ «ጋሼ፣ የገና ጨዋታው የሚጀመረው በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ከምሳ በኋላ ነው።»

«ከምሳ በኋላ ማለት ስንት ሰዓት?»

«ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ነዋ።»

ጥቂት ዝም አለ። የኮምፒውተሩን ቁልፍ ሲመታ ይሰማኛል። ኋላ ሰንጠረዡን በቴሌግራም ሲልክልኝ እንዳየሁት፣ «መጀመሪያ ሰዓት» በሚለው ሳጥን ውስጥ የከተተው የጥያቄ ምልክት ነበር።

በሰውየው አልፈርድም። እሱ በሚኖርበት አገር ጨዋታ ማየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቤቱ ሬድ ዲር በምትባል ከተማ ነው፤ አልበርታ ውስጥ፣ በካልጋሪና በኤድመንተን መሀል፣ ከሁለቱም 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቀመጠች ናት። በየዓመቱ ብርዱ ሲጠና አንድ ቅዳሜና እሁድ ይመርጥና ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሆኪ ለማየት ወደ ኤድመንተን ይነዳል። ትኬቱን የሚገዛው ወራት አስቀድሞ ነው፤ በየትኛው በር ገብቶ፣ በስንተኛው ረድፍ፣ ስንተኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ትኬቱ ላይ ተጽፏል። ሆቴል የሚይዘው ከስታዲየሙ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ስታዲየሙ ሮጀርስ ፕሌስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተ፣ ጣሪያ ያለው፣ ከ18 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ነው። ቅዳሜ ጧት ልጁን ዌስት ኤድመንተን ወደተባለው የገበያ አዳራሽ ይወስደዋል፤ ውጭው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ልጁ ጣሪያ ሥር፣ ሰው ሠራሽ ማዕበል ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይውላል። ማታ ጨዋታ ነው። እሁድ አርፍደው ተነስተው ቁርሳቸውን በልተው ወደ ቤት።

«መኪናዋስ ብርዱን እንዴት ትችለዋለች?» አልኩት አንድ ጊዜ።

«ሌሊት ሶኬት ላይ እንሰካታለን።»

ሞተሩ ላይ ማሞቂያ ተገጥሞላታል፣ ገመዱ በፊቷ በኩል ተንጠልጥሎ ይወጣል፣ ካልተሰካች ጧት አትነሳም። ይህን ለጎረቤቶቼ ሳወራ አንደኛው፣ «እኛ ዘንድ መብራቱ ራሱ ነው ጧት አልነሳ የሚለው» ብሎ ወሬውን ዘጋው።

ሆኪውን በቪዲዮ አሳይቶኛል። ሜዳው በረዶ ነው፤ ወደ 60 ሜትር ይረዝማል፣ 26 ሜትር ያህል ይሰፋል። በየወገኑ በረኛውን ጨምሮ ስድስት ስድስት ሰው ይገባል። የሚመታው ነገር ኳስ አይደለም፤ እስከ 170 ግራም የምትመዝን ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ ናት፣ እንዳትነጥር ከጨዋታው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ታድራለች። ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይጫወታሉ፤ በየመሀሉ አንድ መኪና ይገባና የተቦጫጨረውን በረዶ አለስልሶ ይወጣል። ያንን መኪና እ.ኤ.አ. በ1949 የሠራው ፍራንክ ዛምቦኒ ኗሪነቱ ደቡብ ካሊፎርኒያ ነበር፤ እዚያ ፀሐይ እንጂ በረዶ የለም፣ የሚያለሰልሰውን በረዶ ራሱ ነበር የሚሠራው። የኤድመንተኑ ቡድን ኦይለርስ ይባላል። ግሬትዝኪ የሚሉት ተጫዋች የወጣበት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1990 ድረስ ዋንጫውን አምስት ጊዜ ወስደዋል፤ የወንድሜ ልጅ እሱ ያኔ ጋይንት ውስጥ ጥጃ ይጠብቅ እንደነበረ ረስቶ «ወሰድነው» እያለ ያወራል።

ባለቤቴን የገረማት ግን ሌላ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ወርውረው ቡጢ ሲገጥሙ ዳኞቹ ትንሽ ታገሷቸውና፣ ሲደክማቸው ገላግለው መስታወት በተጋረደ ሳጥን ውስጥ አስቀመጧቸው።

«ስንት ጊዜ ይታሰራሉ?» አለች።

«አምስት ደቂቃ።»

«ደም ተፋስሰው አምስት ደቂቃ?» እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ጠብ ለማብረድ ሽማግሌ ሦስት እሁድ ይቀመጣል፣ ያውም ካሳው ላይ ከተስማሙ።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ ከእኔ የፈለገው ይህንኑ ነው፦ ጨዋታው መሀል ላይ ተቀምጦ ከተማውም ዘመዱም ምግቡም በዙሪያው የሚደረደሩበት ዕቅድ። ቅዳሜ መግባት፣ እሁድ ጨዋታ ማየት፣ ሰኞ መውጣት።

ገና ግን በዚያ ዓመት የዋለው ማክሰኞ ነው። ዘመኑም ዮሐንስ ነበር፤ ስለዚህ በዓሉ ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ 28 ዋለ። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የሚከተለው ዓመት ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ በፈረንጆቹ ግን ያው ጃንዋሪ 7 እንደሆነ ይቀራል። እኔ በስልክ 28 ስለው ሚስቱ ከጎኑ 29 ትለዋለች፣ ካሌንደሩ 7 ይለዋል፤ እሱም ሦስቱንም በሦስት ቀለም ጻፋቸው። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ጨዋታውን ብቻ ወደ እሁድ ማምጣት አይቻልም?» አለኝ።

«ከማን ጋር ተነጋግሬ?»

«ከአዘጋጆቹ ጋር።»

አዘጋጅ! ሜዳው የግጦሽ ነው፣ ዱላው የእረኛ ነው፣ ቀኑ የጌታ ነው። ሽማግሌዎቻችን እንደሚሉት ጨዋታውን የጀመሩት የቤተልሔም እረኞች ናቸው፤ የጌታን መወለድ ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ሩር፣ የእንጨቷን ኳስ፣ ይመቱ ጀመር። የወንድሜ ልጅ መጥቶ በተቀመጠበት ማታ፣ ሆኪን ከውርጭ አውጥተው አዳራሽ ውስጥ በደንብ መጫወት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1875 ሞንትሪያል ላይ እንደሆነ ሲያስረዳ፣ አንድ አዛውንት በጥሞና ሰምተውት ሲያበቁ፣ «ደግ ነው፣ ዘግይተውም ቢሆን ደርሰዋል» አሉት።

ወንበር የሚለው ሳጥንም አስቸግሮናል። «የት ነው የምንቀመጠው?» አለ። ገና ሲጫወት የተቀመጠ ሰው አይቼ አላውቅም። የቆመውም ቢሆን ዓይኑን ከሩሯ ላይ አይነቅልም፤ ከነቀለ እሷው ትፈልገዋለች። «ተጫዋቹስ ስንት ነው?» የመጣው ሁሉ ነው። «በአንድ ወገን?» ከሌላው ወገን እንዳያንስ የሚበቃውን ያህል። «ዳኛው?» ጮክ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ። እየቆየ ሲሄድ ሰንጠረዡ ላይ የጥያቄ ምልክቱ ከመልሱ በለጠ።

ማደሪያ ላይ ስንደርስ ነገሩ ከጨዋታነት አለፈ። «አርብ ገበያ ላይ ሆቴል የትኛው ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። የተናገረችውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ፍሬ ነገሩ ግን እሷ በሕይወት እያለች የባሏ ወንድም ልጅ አልጋ ተከራይቶ ካደረ ከእንግዲህ ለቅሶም ሰርግም እንደማትወጣ ነው። ሆቴሉ ተሰረዘ። ሆቴሉ ሲሰረዝ ግን እኛ ዘንድ ማደሩ ታወቀ፣ ወሬውም ወንዝ ተሻገረ። ስማዳ፣ ወገዳ ያለችው አክስቱ ሰምታ ሰንበትበት ብላ ደወለችና፣ «ስማዳ የባዕድ አገር ሆነ እንዴ?» ብላ ዘጋችው። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ያለው የእናቱ ወንድም ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፤ አልተቆጣም፣ በግ አስሮ እንደሚጠብቅ ብቻ ነገረን። ለቁጣ መልስ ይገኝለታል፤ ለታሰረ በግ ግን ምን ይመለሳል? ከስማዳ አንድ አዳር፣ ከእስቴ አንድ አዳር ተጨመረ። ቅዳሜና እሁድ ተብሎ የተጀመረው ዕቅድ ጥምቀትን ሊነካ ምንም አልቀረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ፈረንጆቹ ጨዋታ ለማየት ሲሄዱ ዋናው ዕዳቸው የትኬቱ ገንዘብ ነው። እኛ ዘንድ ጨዋታው በነጻ ነው፣ ዕዳው ዘመድ ነው። ትኬቱን ከፍለው ይገላገሉታል፤ የዘመድን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ግን እስካሁን በጋይንትም በስማዳም አልተሰማም።

የምግቡን ክፍል ሚስቱና ባለቤቴ በግል ጨረሱት። «ቅዳሜ ምሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጥብስ» ብሎ የጻፈውን ባለቤቴ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው፤ ሰውየው ካናዳ ሆኖ ይጹም አይጹም አልጠየቅነውም፣ የአባቱን አገር ሲረግጥ ግን ይጾማል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የባሕር ዳር ክርክር ውስጥም መግባት አልፈለገም፤ «ሽሮ» ብሎ አስተካክሎ ላከው።

ከዚያ መንገድ። ከባሕር ዳር ተነስቶ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ዓለም በር፣ ደብረ ታቦር፤ ከዚያ ጋሳይ፣ ክምር ድንጋይ፣ ነፋስ መውጫ፤ ነፋስ መውጫ ላይ ታጥፎ በአቧራው ወደ እኛ። የወንድሜ ልጅ ኪሎ ሜትሩን በፍጥነት አካፍሎ የሚደርስበትን ደቂቃ አወጣ። ሒሳቡ ስህተት አልነበረበትም። ሹፌሩ ደብረ ታቦር ላይ ምሳውን ሳይበላ እንደማያልፍ፣ ክምር ድንጋይ ላይ ደግሞ «አንድ ዕቃ ሰጥቼ ልምጣ» ብሎ የአማቱን ቡና ሦስቱንም ዙር ጠጥቶ እንደሚመለስ ግን በየትኛው ሳጥን ይገባል?

ደብረ ታቦር ላይ ለጋፋት ሠላሳ ደቂቃ መድቧል። ልጁ ሴባስቶፖል የተሠራበትን ቦታ እንዲያይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ያንን 7 ቶን የሚደርስ መድፍ ጋፋት ላይ ካሠሩ በኋላ፣ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አስነስተው ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በእኛ ደጋ በኩል፣ መንገዱን እያስቆረጡ ነው፤ መቅደላ የገባው መጋቢት ላይ ነው። የወንድሜ ልጅ ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መደበ። ንጉሡም ሲነሱ ምን ያህል መድበው እንደነበር ማን ያውቃል።

ስለ ብርዱ ልነግረው ስል ሳቀብኝ። ካናዳ ለከረመ ሰው የታኅሣሥ ብርድ ምኑ ነው? እኔም እውነት መስሎኝ ተውኩት። የጉና ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ በታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ ላይ የሚወርደው ውርጭ የባቄላውን ቅጠል ያጠቁራል። ሰውየው በገባ በመጀመሪያዋ ሌሊት ሁለት ጋቢ ደርቦ፣ የካናዳውን ጃኬት ከነኮፍያው ለብሶ፣ ካልሲው ላይ ካልሲ አድርጎ ተኛ። ጧት እሳት ዳር ተኮራምቶ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ብርዱ ውጭ ነው የሚያድረው። እዚህ ግን አብሮን ተኛ» አለኝ።

የገና ዕለት ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆመን፣ ሲነጋ ተገድፎ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ያ የጥያቄ ምልክት የተቀመጠበት ሰዓት ደረሰ። ወደ ሜዳው ስንወጣ ልጁ ከኋላችን መጣ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አገሩ ላይ ሆኪ ይማራል፣ አባቱም «ገና ሆኪ ማለት ነው» ብሎ ነግሮታል፤ ስለዚህ ሻንጣውን ሞልቶ ያመጣውን ሁሉ ለብሶ ወጣ። ፊቱ ላይ የብረት ፍርግርግ ያለው ሄልሜት፣ ክንዱ ላይ ጥሩር፣ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የፕላስቲክ መከላከያ፣ ከላይ ብርቱካንማ የኦይለርስ ማሊያ። ጀርባው ላይ 97 ተጽፏል። ማክዴቪድ የሚባለው አምበላቸው ቁጥር ነው። የእኛ ሰው ግን 97ን የሚያውቀው በምርጫው ነው፤ አንዱ ጎልማሳ ቁጥሩን አይቶ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ይህ ልጅ ምነው ፖለቲካ ለብሶ መጣ?» አለኝ በሹክሹክታ።

እረኞቹ የተሰበሰቡት ግን ዱላው ላይ ነው። አንደኛው ተቀበለውና አመዛዘነው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮውን አስጠጋ። «ባዶ ነው» ብሎ መለሰለት። እውነቱን ነው፤ የፋብሪካው ዱላ ውስጡ ክፍት ነው፣ እንዲቀል ተብሎ። የእኛው ልጅ ደግሞ የራሱን ሰጠው። የገና ዱላ የሚቆረጥ ሳይሆን የሚታደን ነገር ነው። እረኛው ክረምት ላይ ከብት ሲያግድ ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ የወይራ ቅርንጫፍ ያያል፤ ለማንም አይናገርም። ኅዳር ሲጠባ ሄዶ ይቆርጠዋል፣ ቅርፊቱን ይልጣል፣ እሳት ላይ እየለበለበ ያቃናዋል፣ ቅቤ ያጠጣዋል። ያ ዱላ ከባለቤቱ እጅ ብዛት መያዣው ላይ ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። ሩሯም ከጠንካራ ሥር የተጠረበች፣ ጭብጥ የምታህል፣ ካለፈው ዓመት የተረፈች ናት፤ አንድ ጎኗ ተሰንጥቋል። ልጁ የካናዳውን ዱላ ለአባቱ ሰጥቶ የወይራውን ያዘ።

ወገኑ ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር ነው። ልጁ ለየትኛው ይሁን? ቤታችን ድንበሩ ላይ ስለሆነ ሁለቱም የኛ ነው አሉ፤ የፈለጉት ግን እሱን ሳይሆን ሄልሜቱን ይመስለኛል። በመጨረሻ ለታችኞቹ ደረሰ። አንድ አዛውንት ሩሯን መሀል ላይ ወረወሯት፣ ከዚያ በኋላ ያየሁት አቧራ ነው። መቶ የሚሆን ዱላ አንድ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ከሩቅ የእንጨት ፈለጣ ይመስላል። ከአቧራው ውስጥ «ሚናህን ለይ!» የሚል ጩኸት ይወጣል፣ አንድ ሰው እያነከሰ ይወጣል፣ ሩሯም አልፎ አልፎ ትወጣለች። አንድ ጊዜ አጨዳ ወዳለቀበት የገብስ ማሳ ገባች፣ ጨዋታውም ተከትሏት ገባ። የወንድሜ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየቀረጸ፣ «አሁን ገባ ማለት ነው?» ይለኛል በየደቂቃው። የላይኞቹ ድንበር የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ የታችኞቹ ቦዩ ነው ብዬዋለሁ። የመጣው ሁሉ ግን የሚያየው የራሱን ድንበር በዘመድ ዓይን ነው።

ይህ ቀን አንድ ደንብ አለው፦ ጌታ አይቆጣም። ሎሌ ጌታውን፣ ድሃ ባለጠጋውን ቢመታው ቂም የለም። ደንቡ ጥንት የነበረ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በገዛ ጥበቃው ዱላ ቅልጥሙን ተመትቶ ሳቀ። ጥበቃው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጎነበስ፣ «ተው ተው፣ ገና ነው!» ብሎ አነሳው። ሁለቱም ወደ አቧራው ተመለሱ። ጥበቃው ከዚያ ወዲያ ኃላፊው ባለበት በኩል ደግሞ ሲታይ ሩሯ እዚያ አልነበረችም፣ ይህን ግን ማንም አላነሳውም።

እንግዲህ በዚህ መሀል የእኛ ልጅ ዱላውን ከትከሻው በላይ አንስቶ ሲያወርድ ያገኘው ሩሯን ሳይሆን የአንድ ሽማግሌ እግር ነው። ሽማግሌው «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ፤ ልጁ ግን ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከሜዳው ወጣና አጥሩ ጥግ ሄዶ ቆመ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። «ማን አስቀየመው? ማን ክፉ ተናገረው?» ጨዋታው ቆመ። የተመቱት ሽማግሌ ራሳቸው እያነከሱ ሄደው ሊያባብሉት ሲሞክሩ አባቱ ደርሶ አስረዳ፤ ልጁ አላኮረፈም፣ ሁለት ደቂቃውን እየታሰረ ነው። እዚያ አገር በዱላው ሰው የመታ ሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሳጥን ቢያጣ አጥሩን መረጠ።

ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ዘወር ብለው ሜዳውን አዩ። «በዚህ ሕግ ቢሆንማ» አሉ፣ «ሁላችንም አጥሩ ሥር ነን። ማን ይጫወት?» እጁን ይዘው መለሱት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጨዋታው ቆመ፤ ፉጨት የነፋ የለም፣ ሩሯ መታየቷን ስላቆመች ብቻ ነው። የላይኞቹ አሸነፍን ብለው እየጨፈሩ ወጡ፣ የታችኞቹም አሸነፍን ብለው እየጨፈሩ ወረዱ። ግጥሙ ስድብ ነው፤ በዚያ ቀን የተፈቀደ፣ ቤት እየመታ የሚሄድ፣ ማንንም የማይምር። ልጁ ምን እያሉ እንደሆነ ሲጠይቅ አባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝኛ ጠፋበት። ማታ «ውጤት» የሚለውን ሳጥን ለመሙላት ዞሮ ቢጠይቅ መልሱ በሰፈሩ ልክ ተለያየ፣ ሳጥኑም ባዶውን ቀረ።

እራት ላይ ልጁ፣ ኢትዮጵያውያን በበረዶ ጨዋታ ኦሎምፒክ ሄደው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀ። አባቱ አወቀለት፦ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ ከዚያም በ2010 ቫንኩቨር ላይ በበረዶ መንሸራተቻ ተወዳድሯል፤ በክረምቱ ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ባለቤቴ ዶሮውን እየጨለፈች፣ «እና ጉልበቱ ደህና ነው?» አለች። እሷ ስፖርትን የምትመዝነው በጉልበት ነው።

አሁን ትንሽ ልማረር፣ ወግ ነው ይፈቀድልኛል። ከተሞቻችን ውስጥ የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጣቱን የምታገኙት ሜዳ ላይ ሳይሆን ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ልጆቻችን የማንችስተርን በረኛ ስም ያውቃሉ፤ ሩር ከምን እንደሚጠረብ ግን የሚያውቁት እየጎደሉ ነው። ገናን ፌዴሬሽን ይዞታል፤ የባህል ስፖርቶች ውድድር ላይ ከትግልና ከገበጣ፣ ከፈረስ ጉግስ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ ይካሄዳል፣ ማሊያ ተለብሶ፣ ሜዳ ተለክቶ፣ ተጫዋች ተቆጥሮ። እሰየው ነው፣ አልነቅፈውም፤ ባይያዝ ይብሳል። ግን ወንበር ያለው ገና ለእኔ ገና አይመስለኝም። የክልል ምርጥ ቡድን ተጫዋቾች እርስ በርስ ሲመታቱ ቅልጥሙን የሚፈራ ተመልካች የለም፣ ጥበቃውም አለቃውን አያገኘውም። ጨዋታው የሚተርፈው በየግጦሹ ላይ እንጂ በየስታዲየሙ አይደለም፤ ግጦሹም በየዓመቱ እየታረሰና ቤት እየተሠራበት እየጠበበ ነው።

የወንድሜ ልጅ የሄደው ባሰበው ቀን አይደለም። ስማዳ ላይ አንድ አዳር ብሎ ሁለት አደረ፣ እስቴ ላይ የታሰረው በግ ሁለት ሆኖ ጠበቀው። ልጁ የወይራውን ዱላ ይዞ ሄዷል፤ ባዶውን ለእረኛው ተወለት፣ እረኛውም አንድ ቀን ከብት ነድቶበት ሁለተኛ አልነካውም፤ አይሰማቸውም ይላል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ለመንገደኛ አልተመቸም። ዛሬ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ነው፣ መልሱም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። መንገዱ ሰላም ሆኖላችሁ ለገና ወደ ጋይንት የምትመጡ ከሆነ፣ ቀኑን ከቄሱ፣ መነሻውን ከሹፌሩ ጠይቁ፤ ሆቴል እይዛለሁ ብላችሁ የማንንም ባለቤት አታስቆጡ፤ ወፍራም ጋቢ አለን፣ ዱላም እንሰጣለን። የቅልጥም መከላከያ ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ እሱ አርብ ገበያ ላይ አይሸጥም።